«ቀዛፊው ተሳስቷል» ብላ ስለጻፈችው ልጅ፣ ለሽማግሌዎች ሰብሳቢ

ኖቬምበር 23 ቀን 1996፣ ኦክላንድ።

የሩቲ አክሊሉ ስም ለዲሴምበር ስምንት በተለጠፈው የተጠማቂዎች ዝርዝር ውስጥ የለም።

ለተከበሩ ወንድም ማንደፍሮ ሀብቱ፣
የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ፣ የልጆችና የወጣቶች አገልግሎት የበላይ ጠባቂ፣ የምድር ቤቱ ክፍል ቁልፍ ያዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና በሴፕቴምበር ኦፕራሲዮን የተደረገው ቀኝ ጉልበትዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ሙሉ ተስፋዬ ነው። ስለ ጉልበትዎ ስድስት ሳምንት ሙሉ በጸሎት ዝርዝራችን ላይ ጸልየናል፤ ሩቲም ጸልያለች። እኔ ደህና ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፕሌዘንተን ድረስ እየተመላለስኩ የማላውቃቸውን ሰዎች የደም ምርመራ ውጤት በየፋይላቸው አስገባለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ እርስዎ በቸርነትዎ እረፍት እስኪሰጡኝ ድረስ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ከአሥራ አንድ ልጆች ጋር መጽሐፍ አነብ ነበር።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ በቢሮዎ በር ሥር ባሾልከው በበቃ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ጉዳዩን በመድረክ ላይ ሆነው ለጉባኤው በሙሉ ስላሳወቁ፣ መልሱም ያንኑ ያህል ስፋት ይገባዋል ብዬ በኦክላንድና በሳን ሆዜ ባሉት የሐበሻ ግሮሰሪዎች፣ ከስልክ ካርዱ ማስታወቂያ አጠገብ፣ ቅጂውን አስቀምጫለሁ። ከእርስዎ የተማርኩት ግልጽነት ስለሆነ ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቀው አንባቢ ከመጀመሪያው ላስረዳ። መጻሕፍቱ የእንግሊዝ አገር የልጆች መጻሕፍት ናቸው፤ «የኦተርሌይ መሻገሪያ» ይባላሉ፤ በቁጥር ዘጠኝ ናቸው። በጦርነቱ ምክንያት ከለንደን ወደ ገጠር አክስታቸው ዘንድ የተላኩ አራት ልጆች አሉ። ከአክስታቸው ቤት በታች ወንዝ አለ፤ ወንዙ ላይ ሚስተር ፔል የሚባል ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ አለ። ቀዛፊው ልጆቹን ባሻገራቸው ቁጥር ማዶው ሌላ አገር ሆኖ ይቆያቸዋል። በዘጠነኛው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ግን ሦስቱን ልጆችና ውሻቸውን አሳፍሮ፣ ትንሿን ልጅ ሄቲን «ዛሬ አይደለም» ብሏት ትቷት ይሄዳል። ለምን እንደሆነ አይናገርም። መጽሐፉ እዚያው ላይ ያልቃል። ደራሲዋም ሳይናገሩ ሞተዋል።

የእነዚህ መጻሕፍት ወዳጆች ከአርባ ዓመት በላይ በዚያች ምዕራፍ ሲከራከሩ ኖረዋል። ባለፈው ዓመት በዲቪ መጥቶ ሳን ሆዜ ኮምፒውተር መሥሪያ ቤት የገባው ወጣቱ ናዖድ፣ በየቅዳሜው አርባ ማይል እየነዳ ሲያግዘኝ፣ ክርክራቸውን ከኢንተርኔት ላይ ፕሪንት እያደረገ ያመጣልን ነበር። አንድ የእንግሊዝ ቄስ ቀዛፊው ጌታ ነው፣ ሄቲም ጊዜዋ ያልደረሰ ነፍስ ናት ይላሉ። አንዲት የካናዳ ነርስ ቀዛፊው ከሦስተኛው መጽሐፍ ጀምሮ የሞተ ሰው ነው ባይ ናት፤ ማስረጃዋ ከዚያ ወዲህ እህል ሲቀምስ አለመታየቱ ነው። ሌላው ሄቲ ከሁሉም በፊት ለብቻዋ ተሻግራ ነበር ይላል። ናዖድ ራሱ በበኩሉ «እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው ነው የሚደክሙት፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ጀልባዋ የምትችለው አራት ልጅና አንድ ቡችላ ነው ተብሏል፤ ቡችላው አድጓል» አለ። ልጆቹ ሲስቁበት በሚቀጥለው ቅዳሜ የውሻውን ክብደት በዘሩ አስልቶ መጣ። እነዚህ ሰዎች አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም፤ ለገና ግን እንኳን አደረሳችሁ ይባባላሉ። ልጆቹ እንዲያዩት የፈለግኩት ይህንን ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አባቴ መምህር ወልደ ሚካኤል የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ ያስተምሩ ነበር። እኔ በሃያ ዓመቴ ወደ እናንተ ስመጣ ከእሳቸው ቤት የተውኩት ብዙ ነው፤ እርስዎም የተውኩትን ሁሉ በምስክርነት ሰዓት ሲሰሙ «አሜን» ብለዋል። አንድ ልማድ ግን ሳልተው ቀርቻለሁ። በእነ አባቴ ጉባኤ አንድ ቃል ይነበባል፣ ይተረጎማል፤ ከዚያ «አንድም» ይባልና ሌላ ትርጉም ይሰጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይባላል። የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። አይሸከመውምም። እያንዳንዱ በራሱ እግር ይቆማል። የመጀመሪያውን ትርጉም ከአምስተኛው ጋር አስሮ አንድ ትምህርት ነው የሚል ተማሪ ቢገኝ ወደ ፊደል ቆጠራ ይመለስ ነበር።

እኔም አንድ ሰማያዊ ደብተር አመጣሁ። ሕጉ አጭር ነበር፦ የመሰለህን ጻፍ፣ በአማርኛ ጻፍ፣ «አንድም» ብለህ ጀምር፣ ስምህን ከሥሩ አድርግ። ለእናቶቻቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱት እነዚህ ልጆች በአምስት ወር ውስጥ ዘጠና አንድ «አንድም» ጻፉ። የዘጠኝ ዓመቱ ብሩኪ «አንድም፦ ሄቲ ሆምወርኳን አልጨረሰችም» ብሎ ጻፈ። አሞጽ የቄሱን ሐሳብ ወድዶ «አንድም፦ ቀዛፊው ጌታ ነው» አለ። ሌሎችም የነርሷንና የናዖድን ሐሳብ እየወሰዱ ጻፉ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ሩቲ ከሁሉ በኋላ ተነስታ «አንድም፦ ቀዛፊው ተሳስቷል» ብላ ጽፋ ስሟን አደረገች። ይህንን ያህል ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእርስዎ ሥራ ስለሆነ፣ እንዳይዘነጋ በቁጥር አስፍሬዋለሁ።

አንደኛ። ኦክቶበር 19 ቀን ስንመጣ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ዘጠኙም መጻሕፍት፣ ደብተሩም የሉም፤ በምትካቸው ስለ ፓርኪንግ ቦታ አጠቃቀም የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። ከመጻሕፍቱ ግማሹን ብቻ ቢያነሱ ኖሮ ልጆቹ የቀረውን ሲያነቡ መጨረሻውን ለማወቅ ይጨነቁ ነበርና፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስላነሱልን አመሰግናለሁ። ብሩኪ ባዶውን መደርደሪያ አይቶ «አንቲ ካሳነሽ፣ ሶ ቸርች ውስጥም ሌባ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። እርስዎን ወክዬ የሰጠሁት መልስ ስለሆነ ስህተት ካለበት ያርሙኝ።

ሁለተኛ። ኮሚቴዎ ደብተሩን በሁለት ስብሰባ መርምሮ «በቅዳሜው ቡድን የሚሰጥ ትምህርት» የሚል ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ አውጥቷል። የልጆቹን ስም ከየሥሩ አንስታችሁ፣ «አንድም» የሚለውንም ቃል ሁሉ አስወጥታችሁ፣ የቀረውን በተራ ቁጥር ደርድራችሁታል። በዚህ ወረቀት መሠረት የእኛ ቡድን፣ ቀዛፊው ጌታ መሆኑን፣ ጌታም በሦስተኛው መጽሐፍ መሞቱን፣ ጀልባው ያደገ ውሻ መሸከም የሚያቅተው መሆኑን፣ ሆምወርክ ያልጨረሰ ሰው እንደማይሻገርና በመጨረሻም ጌታ መሳሳቱን ያስተምራል። በወንጌላውያን መካከል ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይህን የመሰለ የእምነት መግለጫ አይቼ አላውቅም። የአሥራ አንድ ልጆችንና የሁለት አህጉር ሰዎችን ሐሳብ በአንድ ገጽ አስማምቶ ማውጣት የመጻሕፍቱ ወዳጆች በአርባ ዓመት ያልቻሉት ነውና ኮሚቴውን እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ይገባኛል።

አንድ ነገር ብቻ ላስታውስዎት ይፈቀድልኝ። ሩቲ የጻፈችው ጀልባ ስላለው አንድ እንግሊዛዊ ነው። በእናንተ ወረቀት ላይ ያ ሰው ጌታ የሆነው በእሷ እጅ አይደለም፤ ከእሷ አራት ገጽ ቀደም ብሎ በተጻፈው በአሞጽ «አንድም» ነው። አሞጽ ማንደፍሮ ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ፈርሞበታል። የልጅዎን ጽሑፍ ከሰው ልጅ ጽሑፍ ጋር አጋብታችሁ የወለዳችሁትን ኑፋቄ ለሰው ልጅ ብቻ ማሸከማችሁ፣ የቤተሰብ አያያዛችሁን ያሳያል። አሞጽ በዲሴምበር ስምንቱ ዝርዝር ውስጥ ሦስተኛው ላይ አለ፤ ደስ ብሎኛል፤ ይገባዋልም። ትርጉሙም ጥሩ ነበር።

ሦስተኛ። ይህኛው ረዘም ይላል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ኖቬምበር 10 ቀን ከአምልኮ በኋላ ሩቲን ለብቻዋ ወደ ቢሮ አስጠራችኋት። እናቷ ያለምዘውድ በዚያ ሰዓት ሪችመንድ፣ የአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ላይ ነበረች፤ እናቲቱን ከሥራ ላለማስፈታት ያደረጋችሁት ጥንቃቄ እንደሆነ እገምታለሁ። ክራቫት ያሰሩ አምስት ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ አንዲት ልጅ በሌላ ወገን ተቀመጡ። የሆነውን ሩቲ ነግራኛለች፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ፣ ስማቸውን ልተወው፣ በኋላ ፓርኪንጉ ውስጥ አቀርቅረው ያንኑ ነግረውኛል።

እርስዎ «ጌታ ይሳሳታል ወይ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። «ኖ» አለች። «ታዲያ ለምን ጻፍሽው?» «እኔ ስለ ጌታ አልጻፍኩም፤ ስለ ሚስተር ፔል ነው የጻፍኩት።» ከዚያ ከመካከላችሁ አንደኛው ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው «ሚስተር ፔል ደግሞ ማነው?» አሉ። ይህ ጥያቄ የተጠየቀው መጻሕፍቱ ከታገዱ በሦስተኛው ሳምንት መሆኑን ለመዝገብ ያህል አስፍሬዋለሁ።

ቀጥሎ ለምን ተሳስቷል እንዳለች ጠየቃችኋት፤ እሷም ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ትዕቢት ቆጥራችሁታል። ልጅቱ ለአምስት የማትቀርባቸው ወንዶች ያልተናገረችውን እኔ በእናቷ ፈቃድ እናገራለሁ። ሩቲ በሰባት ዓመቷ ካርቱም ውስጥ ከእናቷና ከአባቷ ከአክሊሉ ጋር በአንድ የስደተኞች ቢሮ መስኮት ፊት ቆማ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ሁለት ስም ጠራ፤ የእናቷንና የእሷን። የአባቷ ፋይል አልደረሰም አለ። እናትና ልጅ ወደዚህ መጡ። ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ለያለምዘውድ «በምክንያት ነው፤ ምክንያቱ በኋላ ይገለጥልሻል» ስንላት ቆየን። ከስምንት ወር በኋላ ከዚያው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ፋይሉ ያን ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላ ሰው ፋይል ሥር ነበረ፤ ስህተት ነበርና ይቅርታ ይላል። ደብዳቤው ሲደርስ አክሊሉ ካርቱምን ለቆ ወጥቷል። ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አናውቅም።

እንግዲህ ይህች ልጅ፣ አንድ ሰው አንዲትን ልጅ ዳር ላይ ትቶ የሚሄድበትን ምዕራፍ አነበበች። ዓለም ሁሉ ለቀዛፊው ምክንያት ሲፈልግለት ሰማች፤ ጥበብ ነው፣ ጊዜው አልደረሰም፣ ሞቶ ነው፣ ውሻው ከብዶ ነው። እሷ ከሁሉም የቀለለውን ጻፈች። ተሳስቷል።

እኔ በበኩሌ ሩቲ ትክክል ናት አልልም። በአሥራ አንድ ዓመቴ እነዚህን መጻሕፍት አዲስ አበባ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ተውሼ ሳነብ፣ ቀዛፊው በማግሥቱ የሚመለስ መስሎኝ አሥረኛውን መጽሐፍ ጠይቄ ነበር፤ የለም አሉኝ። ዛሬም ይመለሳል ባይ ነኝ፤ ለሩቲም ነግሬያታለሁ፤ «ኦኬ አንቲ፣ የራስሽን ጻፊያ» ብላ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። ጻፍኩ። ከእሷ ሥር ነው ያለው፤ ወረቀታችሁ ላይ አላገኘሁትም። ምናልባት ኑፋቄነቱ አነስተኛ ሆኖ ይሆናል።

ያን እሑድ በመጨረሻ እስክሪብቶ ሰጣችኋትና መስመሩን በፊታችሁ እንድትሰርዝ ጠየቃችኋት። ከሰረዘች ትጠመቃለች። ሩቲ መጠመቅ ትፈልጋለች፤ በልመና አይደለም፣ በእናቷ ግፊት አይደለም፤ ለስምንት ወር የጥምቀት ትምህርቱን አንድ ቀን ሳትቀር ተከታትላለች። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ «የራሴን ነው የጻፍኩት» አለች። በማግሥቱ ዝርዝሩ ተለጠፈ።

አራተኛ። ለእኔም ጥፋቴን የማምንበት ፎርም አዘጋጅታችሁልኛል። ቅዳሜ የሚነበበውን የመራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ እኔ ከፈረምኩ የልጅቱ ነገር እንደሚላላ በስልክ ነገሩኝ። ይህንን በእውነት እንደ መልካም ሐሳብ ወሰድኩት። ያለምዘውድም ረቡዕ ቤቴ መጥታ ነበር። ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ «ካሲዬ፣ አንድ መስመር እኮ ነው። እሷ አልሰማ ብላኛለች። አንቺ ፈርሚና ይለቅ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ስሜ በአንድ ወረቀት ላይ ጥፋተኛ ቢባል ከእኔ የሚጎድል ነገር የለም፤ ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ የባሰም ፈርሜያለሁ።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ከሥራ ግማሽ ቀን ወስጄ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። የመጣሁት ልፈርም ነበር። ይህንን የምናገረው አንባቢ ጀግና አድርጎ እንዳይቆጥረኝ ነው።

አክብረው ተቀበሉኝ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ፎርሙን ፊቴ አኖሩልኝ። «እህቴ ካሳነሽ፣ ነገሩን አናክብደው፤ ሳይን አድርጊውና አብረን እንጸልያለን» አሉኝ። ሰማያዊው ደብተርም በጠረጴዛው ላይ፣ የሩቲ ገጽ ላይ ተገልጦ ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብዬ የስሜን የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ጽፌያለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያገኟቸዋል። ከፊርማዬ በላይ ያለውን አስቀድሜ ያላነበብኩት የማንበቢያ መነጽሬን ገና ስላላደረግኩ ነው። መነጽሬን ሳደርግ ሦስተኛው መስመር ላይ «ተማሪ ሩቲ አክሊሉ የጻፈችውን በራሷ እጅ የሰረዘች ስለሆነ» የሚል አነበብኩ።

አልሰረዘችም አልኩዎት። እርስዎም ዓይንዎ እንኳን ሳይርገበገብ «እሱን እኛ እንሰርዘዋለን፤ አንቺ ሳይን አድርጊ። ልጅቱ ማወቅ የለባትም፤ ትጠመቅና በሰላም ትሂድ» አሉኝ። ቀጥሎም መስመሩ ጠማማ ሆኖ እንዳይሰረዝ ማስመሪያ መፈለግ ጀመሩ። ለንጽሕና ያለዎት ጥንቃቄ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ጉልበትዎ ያመዎ ስለነበር ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና የታችኛውን መሳቢያ ከፈቱ።

ወንድም ማንደፍሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብዙ ነገር ሰርዤያለሁ። ዕድሜዬን ለመሥሪያ ቤት ሰርዣለሁ፤ የባለቤቴን ስም ከቼክ ደብተሬ ሰርዣለሁ። ሁሉንም በራሴ እጅ ነው። ማስመሪያውን ሲፈልጉ ቆሜ አየሁዎትና፣ ይህች ልጅ ትልቅ ሰው ሆና ያን ገጽ ለሰው ልታሳይ ስትገልጠው በሌላ ሰው ቀለም፣ ቀጥ ብሎ፣ ተሰርዞ ስታገኘው ታየኝ። ማን ነው ብላ ትጠይቃለች። እኔም በወቅቱ አጠገቡ ተቀምጬ ውሃ እጠጣ ነበር እላታለሁ።

ደብተሩን ዘጋሁት። ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። እርስዎ አሁንም ጎንበስ ብለው «እዚህ አንድ ቦታ ነበር» ይሉ ነበር። ሳልሰናበትዎ ወጣሁ፤ ስላጓደልኩት ሥነ ሥርዓት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ሌላው አልጠይቅም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዲያውቁት ይገባል። ከቢሮዎ በቀጥታ ሪችመንድ ሄጄ ያለምዘውድን ከሥራ ስትወጣ ጠበቅኳት። ቃሌን እንዳልጠበቅኩ ነገርኳት። ሦስተኛውን መስመርም ነገርኳት። መኪናዬ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «ሊሰርዙላት ነበር?» አለች። አዎ አልኳት። «ሳትሰማ?» አዎ። የደንብ ልብሷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈችና «ነጩን ቀሚስ ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። ለዲሴምበር ስምንት እንመጣለን» አለች።

ስለዚህ በአክብሮት አስቀድሜ ላሳውቅዎ። ዲሴምበር ስምንት ቀን ሩቲ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ትመጣለች። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሰባት ልጆች ሲጨርሱ ስምንተኛ ሆና የጥምቀት ገንዳው ደረጃ ላይ ትቆማለች። ስሟ ስለማይጠራ ራሷ ትናገረዋለች፤ በአማርኛ ነው የምትናገረው፤ ስትለማመድ ሰምቻታለሁ። በጌታ ታምናለች፤ ጌታ አይሳሳትም ትላለች፤ ሚስተር ፔል ግን ተሳስቷል። ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ ድርሻ ነው። የቢሮ በር የለም፣ ፎርም የለም፣ እናቷም ያን እሑድ ሥራ የላትም። ጉባኤው በሙሉ ተቀምጦ እያየ ለልጅቱ ራስዎ የሚነግሯትን ይነግሯታል። እንድትወርድ እጅዎን ከዘረጉላት፣ በግሮሰሪዎቹ ያስቀመጥኩትን ይህንን ደብዳቤ አንድ በአንድ ሰብስቤ ከምስጋና ጋር አስረክብዎታለሁ። ካልዘረጉላትም እዚያው ትቆማለች፤ እናቷ በቀኟ፣ እኔ በግራዋ።

የቅዳሜው ንባብ ከዛሬ ጀምሮ ሌክ ሜሪት አጠገብ ባለው የእኔ አፓርታማ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀጥሏል። መጻሕፍቱ እርስዎ ዘንድ ስለሆኑ ለጊዜው ደብተሩን እናነባለን፤ ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ ልጆቹ ግን ጮክ ብለው ማንበብ ጀምረዋል። አሞጽ ዛሬ መጥቶ ነበር። የት እንደዋለ ቢነግርዎ አይቆጡት፤ ባይነግርዎም እኔ ነግሬዎታለሁ።

ጉባኤያችንን በብርቱ ክንድዎ ከእንግሊዝ ጀልባዎች ስለሚጠብቁልን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለኮሚቴው አባላት ሁሉ ያለኝን ክብር በያሉበት እንዲያደርሱልኝ እየለመንኩ፣ ሐሙስ ዕለት ሳላስበው ይዤው የወጣሁትን የቢሮዎን እስክሪብቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ እመልሳለሁ። ቀለሙ አላለቀም፤ ይህ ሁሉ የተጻፈው በእሱ ነው።

ታናሽ እህትዎ፣ የቀድሞዋ የምድር ቤት አንባቢ፣
ካሳነሽ ወልደ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ ጎንበስ ብለው ማስመሪያ ሲፈልጉ መሳቢያው ክፍት ነበርና ዘጠኙንም መጻሕፍት አየኋቸው፤ በደህና መኖራቸው አስደስቶኛል። ስድስቱ በስተግራ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በስተቀኝ ተደርድረዋል። ሰባተኛው ለብቻው ከላይ ነው፤ ወደ መጨረሻው ገደማ ከእሑድ ፕሮግራም የተቀደደ ወረቀት ገብቶበታል፣ ወረቀቱም ላይ በእጅ ጽሑፍዎ «ሄቲ?» የሚል ቃል አለ። ስለዚህ ኮሚቴው መጻሕፍቱን ሳያነብ አገደ በሚል ለብዙ ሰው የተናገርኩትን በእርስዎ በኩል አነሳዋለሁ። ስምንተኛውን ቶሎ ይጨርሱ፤ ዘጠነኛውን ልጆቹ ይፈልጉታል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱም የመሰለዎትን ይጻፉልን፤ ደብተሩ ገና ሠላሳ ባዶ ገጽ አለው። ሕጉን ግን ያውቁታል። ስምዎን ከሥሩ ማድረግ ግዴታ ነው።